ጣውንቴ ከል ያወለቀችበት ሠርግ

ይድረስ ለታክዬ፤ ከደባርቅ፣ ከገዛ ቤትህ።

የማታ ትምህርት መምህራችን፣ ደብዳቤ «ለጤናህ እንደምን አለህ» ተብሎ ይጀመራል ብላ አስተምራናለች። እጄን አወጣሁና «የሚጻፍለት ሰው ሞቶ ከሆነስ?» አልኳት።  ጠመኔዋን እንደያዘች «እንግዲያው ስለ ራስሽ ጤና ንገሪው» አለችኝ። እሺ፣ እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው ሁሉ በቦታው አለ። ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ መንፈቅ ሊሞላው ምንም አልቀረው። የደመራው አመድ ሳይበርድ ነበር የሄድከው፤ አሁን ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰዉ ቅበላውን እያጣጣመ ነው።

ይህን ማን ጻፈልሽ እንዳትል። እኔው ነኝ፣ ዘርፌ። ከክፍሉ አንደኛ ወጥቻለሁ። አንደኛ የወጣሽው ሌሎቹ መነጽር ስለሌላቸው ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ ብትሰማቸው እንዳታምናቸው። ስምህን መጀመሪያ የጻፍኩ ቀን ግን ተናደድኩ። ታ፣ ከ፣ ለ፤ አለቀ። ያን ያህል ዘመን ቤቱን ሞልቶ የኖረ ሰው በሦስት ፊደል ያልቃል? መምህርቷን «ሌላ የሚጨመርበት የለም?» ብላት ሳቀችብኝ።

ደግሞ «አንተ» እያልኩ መጻፌን ልብ በል። ሰው ፊት «አንቱ» ስልህ፣ ጓዳ ስንገባ «አንተ» ስልህ ኖሬያለሁ። ይህ ደብዳቤ የጓዳ ነው፤ ሌላም ሰው ቢያነበው ጓዳችን እንደገባ ይቁጠረው።

ቤቱን ብታየው አታውቀውም። በራችን ድረስ ኮብልስቶን ተነጥፏል። አንተ ጣውንቴን በጀርባህ አዝለህ በጭቃው እየተንሸራተትክ ስትገባ እኔ ከበር ቆሜ እስቅ የነበረበት ቦታ፣ ዛሬ ባጃጅ ተዟዙሮ ይመለስበታል። ያንተ ወንበር እዚያው ናት። ግንቡ ላይ፣ ጣውንቴ ጭንቅላቷን ታስደግፍበት የነበረው ጥቁር ምልክትም አለ። ልጃችን ማስተዋል ለሠርጓ ቤቱን ቀለም ስታስቀባ ያቺን ብቻ ዙሪያዋን አስዞርኩ።

ጣውንቴ የምላት ማን እንደሆነች አንተ ታውቃለህ፤ ሌላው አንባቢ ግን ክፉ እንዳያስብህ ልንገረው። ደብል ቤዝህ ናት። ከሰው ቁመት የምትበልጥ፣ ወገቧ ቀጠን፣ ዳሌዋ ሰፋ ያለ፣ አራት ወፍራም ክር ያላት፣ ቆመው እንደ ሴት አቅፈው የሚጫወቷት የሙዚቃ ዕቃ። ጦሩ ተበትኖ ሌላው ወታደር ብርድ ልብሱንና ኮዳውን ይዞ ሲገባ፣ አንተ ከሙዚቃ ክፍሉ እሷን በበቅሎ ጭነህ ደባርቅ ገባህ። እኔ ገበያ ነበርኩ። እናቴ አማተበችና «ምን ዓይነት ነው፣ ሬሳ ሣጥኑን ይዞ የሚዞር!» አለች። እኔ ግን ሣጥኑ አንገት እንዳለው አይቼ ተከተልኩህ። ስለዚህ እውነቱ ከተነገረ መጀመሪያ ያየሁት እሷን ነው፤ አንተን ያየሁህ በኋላ፣ ከበቅሎዋ ወዲያ ማዶ ሆነህ ጭነቱን ስታጠብቅ ነው።

ከተጋባን በኋላ እሷ ከአልጋው በዚያ በኩል፣ እኔ በዚህ በኩል፣ አንተ መካከል። ሌሊት ብርዱ ሲገባ እንጨቷ ቋ ስትል፣ አንተ ከእንቅልፍህ ነቅተህ በእጅህ ትዳብሳት ነበር። እኔ ሳስል እንዲያ አትነቃም ነበር። ጣውንት ማለት እንዲህ ናት እንጂ ሌላ ምንድን ናት?

ያን የመካነ ብርሃኑን ሠርግ አስታወስክ? መኪናው ከመንገድ ቀርቶብን እሷን በበቅሎ ጭነን በእግር የሄድነውን? ተራራው ራስ ላይ ስንደርስ በረዶው ወረደ። አንተ ጋቢህን አውልቀህ እሷን አለበስክ። ቀጥሎ ዞረህ እኔን አየህ። አፍህ አልጠየቀም፤ ዓይንህ ግን ጠየቀ። የኔንም አወለቅሁልህ። ለእሷ ሁለት ጋቢ፣ ለኛ በረዶ። ሠርግ ቤት ስንገባ ከንፈርህ ሰማያዊ ሆኗል፣ ጣቶችህ አልታዘዝ ብለዋል፤ ታዲያ ገና ሳትቀመጥ በጥፊ ጀመርካት። «ጥፊ እጄን ያሞቅልኛል» ትል ነበር። ሳብ፣ ልቀቅ፣ ጥፊ። ክሩን በሁለት ጣት ወደ ውጭ ስበህ ትለቀዋለህ፤ ተመልሶ የአንገቷን ጥቁር እንጨት ሲመታ ቷ ይላል፤ ወዲያው በመዳፍህ ጠፍ ታደርጋታለህ። ከበሮም ክርም በአንድ እጅ። አንድ የጃናሞራ ሽማግሌ ሲያዩህ ቆዩና «ልጄ፣ ምን አድርጋህ ነው በጥፊ የምትላት?» አሉህ። «አባባ፣ ካልመታኋት ትተኛለች» አልካቸው። እሳቸውም ወደኔ ዞረው «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ያ ሁሉ ሳቅ በመስቀል ማግስት ተቋረጠ። በሣልስትህ ከል ሳስቆርጥ ጨርቁ ተረፈ። የተረፈውን ሰፋሁና ጣውንቴን ከአንገቷ እስከ እግሯ አለበስኳት። የማኅበሬ ሴቶች ተያዩ። «ዘርፌ አእምሮዋ ተነካ» ተባባሉ መሰለኝ። «ምነው፣ እሷስ ባል አልሞተባትም?» አልኳቸው።  እንዲህ ሆነን፣ ሁለት መበለቶች፣ ግራና ቀኝ ግንብ ተደግፈን ዓመቱን ከረምን።

ክረምቱ ሲበረታ፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ጎመን እየከተፍኩ ሳለ ከጓዳ አንድ ነገር ጧ! ብሎ ጮኸ።  አንተ መጣህ አልኩ፤ አላፍርበትም፣ አልኩ። ሮጬ ብገባ አንዱ ቀጭን ብረት ክሯ፣ ዝጎ ኖሮ፣ ከሏ ውስጥ ተበጥሶ ጨርቁን ወግቶ ወጥቷል። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የጣድኩት ሽንኩርትም አረረ፤ ቢላዋውንም እስካሁን አላገኘሁትም።

ወሬው ወርቁ ዘንድ ደረሰ። ወርቁን ታውቀዋለህ፤ ስንት ሠርግ አብራችሁ የሠራችሁ ባለ ኦርጋኑ። የሙት ዓመትህ ዝግጅት ሲጀመር፣ ማኅበርተኞቼ ሽንኩርት እየላጡ ባሉበት መጣና «እትዬ ዘርፌ፣ ክሯም ተበጠሰ፣ ተጫዋቿም የለም። አንድ ሆቴል በር ላይ አቁመን አበባ ብናስደግፋት ፈረንጅ ፎቶ ይነሣባታል» አለ። አበባ! ጣውንቴን አበባ ሊያስይዛት! ያን ጊዜ የማስተዋል ሽማግሌዎች መጥተው ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። አንተ ደግሞ እሷ ገና በዳዴ ስትሄድ ጀምሮ «በሠርግሽ ቀን ከደጅ የሚያወጣሽ የኔ ጥፊ ነው» ስትላት ኖረሃል። እኔም አፌን ታውቀዋለህ፤ እግሬን ሳይጠይቅ ይሄዳል። «በልጄ ሠርግ ራሴ እጫወታታለሁ፤ በጥፊ! ካቃተኝ በነጻ ውሰዳት» አልኩ። በዚያ ሁሉ ሴት ፊት። ወርቁ ሳቀና «ምስክሮቼ ናችሁ» ብሎ ወጣ።

ማስተዋል ሰምታ ስትመጣ ፊቷ አመድ መስሏል። «እማዬ፣ አንቺ ማሲንቆ እንኳ ይዘሽ አታውቂ። በሠርጌ ቀን ሰው ሊስቅብሽ ነው። እሷም ልትወሰድ ነው። አባዬን ሁለት ጊዜ ልትቀብሪብኝ ነው» አለችኝ። እኔም «ልጄ፣ የእናትሽን ችሎታ አታውቂውም» አልኳት። እኔስ መቼ አወቅሁት?

እንግዲህ ክር ፍለጋው ተጀመረ። ከአዲስ አበባ አዲስ ብረት ክር ይምጣ ብንል፣ ያገኘ የለም፤ ቢገኝም መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። ሱቅ ሄጄ የልብስ ማስጫ ላስቲክ ገመድ ገዝቼ ወጠርኩት፤ ስስበው እንደ ማስቲካ እስከ ደጅ መጣ፣ ስለቀው እንደ ሰነፍ ተማሪ ሳይቸኩል ተመለሰ። ባጃጅ ጠጋኙ ደግሞ «የፍሪሲዮን ካቦ አለኝ፣ የሽቦ ገመድ ነው፣ ዕድሜ ልክ አይበጠስም» አለኝ። እሱንም ሞከርኩት። አይበጠስም፤ እውነቱን ነው። የሚበጠሰው ጣት ነው። ባልተበጠሰው ሁለተኛው ቀጭን ብረት ክርህም ሞከርኩ፤ ነከሰኝ። አንተን ሠላሳ ዓመት ያልነከሰ ክር!

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገርህ ትዝ ያለኝ። የጦሩ አስተማሪህ በአንጀት ክር እንደሚጫወት፣ ለጥፊ እንደ አንጀት ያለ እንደሌለ፣ ለስላሳና ላላ ያለ ስለሆነ ለሚስበው እጅ እንደሚታዘዝ ትነግረኝ ነበር። «ታዲያ አንተ ለምን ብረት?» ስልህ፣ «ብረት አንዴ ከተቃኘ አይረሳም፤ አንጀት ባደረ ቁጥር ይረሳል፤ እኔ ጠዋት ጠዋት ማስታወስ ይሰለቸኛል» አልከኝ።

በሙት ዓመትህ ቀን በጎቹ ታረዱ። ካህናቱ ፍትሐት አደረሱ፣ ነዳያኑ በሉ፣ መረቁህ። የኔን ከል ማስተዋል አወለቀችልኝ፤ በወጉ ሰው ራሱ አያወልቅም። ወደ ጣውንቴ ሄዳ ግን እጇን ዘረጋችና መለሰችው። «እሷ ትቆይ» አለች። እኔም ተውኳት። ማንም ሳያየኝ ግን አራጆቹ ሊጥሉት ያሉትን የበግ አንጀት በባልዲ ሞልቼ ከጓዳ አስገባሁ። ለነፍስህ የታረደው በግ አንጀቱ ለውሻ ከሚሄድ ለሠርግ ይምጣ አልኩ። ውሻውን እዚህ ላይ ያነሣሁት በከንቱ አይደለም፤ ቆይ ይመጣል።

ባልዲዬን ይዤ ዳባት፣ መሪጌታ ፈንታ ዘንድ ሄድኩ። በገና የሚሠሩት፣ አውታሩንም ከበግ አንጀት ራሳቸው የሚገምዱት። መኪናው ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሁሉ ቦታ እየቀየረ አስፍቶልኝ እንደ ባለሥልጣን ተዘርግቼ ደረስኩ። መሪጌታ ነገሩን ሰምተው ጺማቸውን ዳበሱ። «የበገና አውታር የምስጋና ነው፤ ለዘፈን አልሰጥም» አሉ። ባልዲዬን አነሣሁ። ይህን ሲያዩ «በጉ ግን የምስጋናም የዘፈንም አይደለም፤ በግ ነው። ያንቺን በግ ትገምጂ እንደሆነ ሲገመድ ታያለሽ፤ እኔ ማንንም አላስተማርኩም» አሉኝ። እሳቸው አላስተማሩኝም፤ እኔም ቁጭ ብዬ አልተማርኩም። አንጀቱ ታጠበ፣ በቢላ ጀርባ ተፋቀ፣ እርጥብ እያለ ብዙው ባንድ ላይ ተገምዶ ጥላ ውስጥ በሁለት ምሰሶ መካከል ተወጠረ። ለአራቱም ክር አይሆንም አሉ፤ ወፍራሞቹ እጅግ መወፈር አለባቸውና። ስለዚህ ሁለቱ ወፍራም ያንተው ብረት ይቆዩ፣ ሁለቱ ቀጫጭን አንጀት ይሁኑ ተባለ። ደስ አለኝ። ሁለቱ ያንተ፣ ሁለቱ የኔ።

ግማሹን እኔ ይዤ ተመለስኩ፤ ግማሹን «አንቺ ችኩል ነሽ፣ እዚህ ይድረቅ» ብለው አስቀሩት። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፣ የደረቀ ጠፍር ምን እንደሚሻ አውቃለሁ፤ ቅቤ! አባቴ የቀንበሩን ማሰሪያ ቅቤ ሳያጠጣ አርሶ አያውቅም። ለጋውን ቅቤ አነሣሁና ክሮቼን ጥግብ እስኪሉ አሸሁ፣ በደጄ ምሰሶ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ፣ እኔም ይህን ጥበብ መሪጌታ እንኳ አያውቁትም እያልኩ በራሴ ኮራሁ፣ ሽሮ ላማስል ገባሁ። ስወጣ ምሰሶው አለ፣ ክሩ የለም። የጎረቤት ውሻ ከበሩ ሥር ተጋድሞ ከንፈሩን ይልሳል። ታክዬ፣ ያ ውሻ ለአንድ ሳምንት በጮኸ ቁጥር ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥኩት፤ ቅኝት ያለው መስሎኝ።

ዳባት ተመለስኩ። መሪጌታ ያን ያህል ሲስቁ ያየ የለም ይላሉ፤ ደብተራዎቹ ሁሉ ወጥተው አዩኝ። «ጠፍርና አውታር ለየቅል ናቸው፤ ጠፍር ይለስልስ፣ አውታር ይክሳ» አሉና ያስቀሩትን ሰጡኝ። ደርቆ፣ ወርቅማ ሆኖ፣ ፀሐይ ሲያልፍበት ያበራል።

ክሩ ተወጠረ። አሁን እጅ ቀረ። ማስተዋል በስልኳ ፈረንጆች ሲጫወቱ አሳየችኝ፤ እጃቸው አይታይም፣ እንደ ዝንብ ነው። እኔ ስሞክር ወይ ክሩ አይነሣ፣ ወይ ተነሥቶ ጥፍሬን ይመታኛል። ሰፈሩ «የዘርፌ ቤት ጣራ እየተጠገነ ነው» አለ። የነቢያት ጾም ገብቶ «በጾም ሙዚቃ?» ያሉም ነበሩ፤ «ይህ ሙዚቃ ከመሰላችሁ እግዜር ይስጣችሁ» አልኳቸው። ሰውነቴ ዝሎ፣ ወርቁ አበባ የሚያስይዛት ቀን እንደ ቀረበ እያሰብኩ፣ ለማስተዋል ኩታ ጥጥ ልነድፍ ደጋኑን አነሣሁ። የደጋኑን ጅማት ሳብ አደረግሁ፣ ለቀቅሁ፣ ጥጡ ቡን አለ። ሳብ፣ ልቀቅ። ሳብ፣ ልቀቅ።  ይህን እጅ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ! ጣት አይደለም የሚስበው፤ ክንድ ነው፣ ጣት መንጠቆ ብቻ ነው። ጥጡን እንደተበተነ ትቼ ሮጬ ጣውንቴ ዘንድ ገባሁ። ከከሉ ሥር እጄን አስገብቼ ሳብ፣ ልቀቅ፤ ቷ! አለች። አንተ ስትመታት እንደምትለው። ደግሜ ሞከርኩ፣ ቷ! ጥጥ ራሴ ላይ ተጣብቆ፣ ብቻዬን እልል አልኩ። ከዚያ ወዲህ ጣውንቴንም ከድሮው የተሻለ ወደድኳት። ያለ አንተ ዳኝነት ተግባባን።

ጥር ደረሰ። ጥምቀት አለፈ፣ ዳሱ ተተከለ፣ ሰዉ ሞላ። ወርቁ ኦርጋኑን ዘርግቶ፣ ከጎኑ ለጣውንቴ የምትሆን ቦታ ተወ። አበባ ማስቀመጫም ይዞ መጥቷል፤ እንዳየሁት እንዲያውቅ አደረግሁ። ጣውንቴን ከነከሏ ተሸክመው አስገቧት። ነጭ በነጭ ለብሶ በተቀመጠው ሕዝብ መካከል ጥቁር ሆና ስትቆም የሁሉ አንገት ዞረ። ማስተዋል ከሙሽራው ጎን ተነሣች። መጋረጃ የመሰለ ነጭ ለብሳ መጣችና ከሉን ከአንገቷ ጀምራ ቀስ ብላ፣ እንደ እናት ልብስ፣ አወለቀችላት። አጣጥፋ በደረቷ ያዘችው። የአንተ እጅ የነካካው ትከሻዋ ብቻ ደብዝዞ ሌላው ሁሉ አበራ። እልል ያለ የለም፤ ከዳር ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

እኔም አቀፍኳት። ጀመርኩ። አሁን እውነቱን ለአንተ ብቻ፤ ለሌላው ሌላ ነግሬዋለሁ። መጀመሪያው መልካም ነበር። ወርቁ እንኳ ቅንድቡን አነሣ። ግን ዳሱ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ይተነፍሳል፣ ወጡ ይጨሳል፣ ሙቀቱ ወላፈን ነው። አንጀት ደግሞ እርጥበት ሲቀምስ ይላላል። በእጄ ውስጥ ሁለቱ ክሮቼ ሲላሉ ተሰማኝ። ድምፁ ወረደ፣ ደግሞ ወረደ፣ መጨረሻ ላይ ዜማ የሚባል ነገር ጠፋ። ወርቁ ኦርጋኑን አቆመና እጁን አጣጥፎ አየኝ። ማቆም ማለት እሷን መስጠት ነው። ስለዚህ አላቆምኩም። የቀረኝ መዳፌ ነበር። ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ፤ የሰፊ እንጨት ድምፅ።

ታክዬ፣ እጄ የሚያውቀውን መታ። ወደታች ባየሁ ጊዜ መዳፌ የሚመታው የሠርግ ምት አልነበረም፤ በቀብርህ ቀን ደረቴን የመታሁበት ነበር። ሴቶቹ አወቁት። አብረውኝ ደረታቸውን የመቱ ናቸው፣ እንዴት አያውቁት? አንዷን ሲቃ ያዛት። የሙሽራው እናት ደንግጠው ቆሙ። የልጄን ሠርግ ለቅሶ አደረግሁት ብዬ ላቆም አልኩ። እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ።

ማስተዋል ያን ጊዜ ከሉን ለሚዜዋ ሰጥታ ፊቴ መጥታ ቆመች። አላለቀሰችም። ዓይን ዓይኔን እያየች፣ በኔ ሁለት ጥፊ መካከል ባለው ባዶ ቦታ፣ አጨበጨበች። አንተ ክሩን የምትለቅበት ቦታ ላይ! በልጅነቷ እግርህ ሥር ተቀምጣ የሰማችው ኖሯል። ጠፍ፣ ጭብ፣ ጠፍ፣ ጭብ። ያ የለቅሶ ምት መካከሉ ሲሞላ ሌላ ሆነ፤ እግር የሚያነሣ ሆነ። ትከሻዋ ተንቀሳቀሰ። ሲቃ የያዛት ሴት ከዚያው ከሲቃዋ ላይ እልልታዋን አወጣችው። ከዚያ ወዲያ ማን ማንን እንደመራ አላውቅም። አቧራው ተነሣ፣ ሽማግሌ ሳይቀር ወረደ፣ ልጅህም በጥፊ ምት ከደጅ ወጣች። ያንተ ጥፊ ነው ወይስ የኔ፣ እሱን አንተ ፍረድ።

ማምሻውን ወርቁ መጣና «እትዬ፣ ቅኝቷ እኮ ወርዶ ነበር» አለኝ። «አዎን፣ እሷ ወረደች፣ እኔም ወረድኩ፤ ሰዉ ግን ተነሣ» አልኩት። አበባ ማስቀመጫውን ትቶልኝ ሄደ። አሁን ጎመን ዘር ዘርቼበታለሁ።

ማስተዋል ባሏ ቤት ናት፤ ደህና ነች፤ በየቅዳሜው ትመጣለች። ባለፈው ስትመጣ አንድ ጠፍጣፋ ካርቶን ይዛልኝ መጣች። አማችህ በሰው በሰው አስፈልጎ ከአዲስ አበባ ያስመጣው ብረት ክር ነው፤ አራቱም፣ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ። «ይህ አይላላብሽም፣ እማዬ» አለችኝ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ብትኖር በጥፊ ሳይሆን በእቅፍ ትቀበለው ነበር። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ፣ በላዩ ላይ ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩልህ ነው።

ክሩን አስቤበታለሁ። ያንተ ብረት አይረሳም፤ አንዴ ቃኝተህ ለሳምንት ትተወዋለህ። የኔ አንጀት ግን ያድራል ይረሳል። ጤዛ ያስረሳዋል፣ ፀሐይ ያስረሳዋል፣ ጉም ከተራራው ሲወርድ ጭራሽ ስሙንም ይረሳል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ውሃ ከመቅዳቴ በፊት ጣውንቴን አቅፌ ጆሮዎቿን፣ የክር ማጥበቂያዎቿን፣ አጠማዝዛለሁ። በመጀመሪያ ያንተን ወፍራሙን ክር እመታለሁ፤ እሱ በቦታው አለ፤ እሱን ሰምቼ የኔን ወደሱ አመጣለሁ። እንደዚያ ሳላደርግ ቀኑ አይጀመርም። አዲሱ ክር ሳይወጠር ከነካርቶኑ ከልብስ ሳጥኔ ግርጌ፣ ከታጠፈው ከሏ አጠገብ ይቀመጣል። አንተን ይሰለችህ የነበረውን የማስታወስ ሥራ እኔ ወስጄዋለሁ፤ አይሰለቸኝም።

ነገም ጉም ነው ይላሉ። ከማለዳው እቃኛታለሁ፤ አንተም ከዚያው ሆነህ ጆሮህን ስጥ፤ ዝቅ ካልኩ ንገረኝ።

ሚስትህ ዘርፌ፤
ከጣውንቴ ጋር፣ ግንቧን እንደተደገፈች።